የሚኒሞው አሥር ደቂቃ

ሰኞ። ለፍተሻው 40 ቀን።

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። የአምናው ገና ብዙ ገጽ ይቀረው ነበር፤ የኋላ ሽፋኑን ለጋስኬት፣ ለሞተር መጋጠሚያ ማሸጊያ፣ ስለቆረጥኩት ግን ወረቀቱ እየተበተነ አስቸገረኝ። ጋስኬቷ እንኳ እሰየው ናት። የልጄ ጀልባ ሞተር ላይ፣ ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የነበረው የፋብሪካ ወረቀት ሲቀደድ፣ በምላጭ ቆርጬ፣ በዘይት አርሼ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ከፋብሪካው ትበልጣለች ብዬ ለወደቡ ሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ዛሬም ቃሌ ቃል ነው።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ጋራዥ መጣች። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ያለ ጋዝ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ እየጠፋባት ነው። ጋዝ ስትሰጠው ምንም አይለውም፤ ሐይቁን ወዲያና ወዲህ ያደርሳታል። ወደ ወደቡ ስትጠጋ እጇን ለቅቃ፣ በራሱ ቀስ ብሎ ይዙር ስትለው ግን ሁለት ሦስቴ ይንገጫገጭና ቀጥ ይላል። ሳቅኩ። ይህ ለኔ ጉንፋን ነው።

እሷ አልሳቀችም። ከአርባ ቀን በኋላ ዓመታዊው ፍተሻ አለ። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን ይዞ ይቆማል፤ ሞተሩ አሥር ደቂቃ ሙሉ በሚኒሞ ሳይጠፋ መዞር አለበት። አንዴ ከጠፋ ጀልባዋ እስከ ከርሞ ሰው አትጭንም። ልጄ ደግሞ የቢሮ ሥራዋን ትታ ጀልባዋን የተረከበችኝ ጉልበቴ እምቢ ያለ ጊዜ ነው። ጀልባዋ ከታሰረች ሌላ የምትይዘው ነገር የላትም።

ግዴለሽም አልኳት። አባትሽ ማን ሆነና! የወደቡ ሰው ጋሽ ጆሮ ብሎ ስም ያወጣልኝ በከንቱ አይደለም። ሌላው መካኒክ በመሣሪያ የሚለካውን እኔ ካቻቢቴዬን ሞተሩ ላይ አስደግፌ፣ እጀታውን ጆሮዬ ሥር ለጥፌ እሰማዋለሁ። እኔ የሠራሁት ሞተር በሚኒሞ ሲዞር የቆመ ነው የሚመስለው። ደንበኞቼ እየሠራ መሆኑን ለማረጋገጥ እጃቸውን ክዳኑ ላይ ያሳርፉ ነበር። አርባ ቀን? አርባ ደቂቃ ይበቃኛል።

ማክሰኞ። 39 ቀን።

ካንዴላዎቹን ቀየርኩ። ቤንዚኑን ደፍቼ አዲስ ሞላሁ። ሞተሩን በጋራዡ መሞከሪያ በርሜል፣ ውሃ ውስጥ አስነሳሁት፣ ሩብ ሰዓት ዞረ። አለቀ ደቀቀ። ነገ ትወስደዋለች።

ረቡዕ። 38 ቀን።

ወሰደችው። ወደቡ ደጃፍ ላይ ጠፋ።

ሐሙስ። 37 ቀን።

ካርቡራተሩን አወረድኩት። በሚኒሞ ጊዜ ነዳጅ የሚያልፍባት ቀዳዳ ከፀጉር ትቀጥናለች፤ ትንሽ ቆሻሻ ከዘጋት ጉዱ ይኸው ነው። በቤንዚን አጥቤ በነፋስ ነፋሁት። ጋስኬቷን በጨርቅ ጠርጌ መለስኳት፤ እንደ አዲስ ናት። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚሠራ!

ቅዳሜ። 35 ቀን።

ዛሬም ጠፋ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው እንጂ።

ልጄ ሞተሩ አጠገብ አጎንብሳ ቆየችና፣ "አባዬ፣ እስ የሚል ነገር አለ" አለችኝ። በጥርስ መሃል እንደሚወጣ ትንፋሽ ያለ ድምፅ ነው አለች። ካቻቢቴውን አስደግፌ አዳመጥኩ። ሆዱ ውስጥ ያለው ጉርምርምታ ሁሉ ደህና ይሰማኛል፤ እስ የሚል ነገር ግን የለም። ነፋሱ ይሆናል አልኳት። ነፋስ የለም አለች። ታዲያ እኔ ሠላሳ ዓመት ሞተር ስሰማ የኖርኩት ሰውዬ የማልሰማውን አንቺ ትሰሚያለሽ ወይ አልኳት።

ይህን የእስ ነገር ስትነግረኝ ሦስቴ ነው ያስደገምኳት። ዘንድሮ ሴቶቹ ማጉረምረም ጀምረዋል። ወንዶቹ ደህና ይናገራሉ፤ ጎረቤታችን ዓሣ አጥማጁ በወፍራም ድምፁ ሲያወራ አንድ ቃል አያመልጠኝም። ባለቤቴና ልጄ ግን ንግግሩን አፋቸው ውስጥ ያስቀሩታል። ይህንኑ ለባለቤቴ ነገርኳት። ምን ብላ እንደመለሰችልኝ አላውቅም። አጉረመረመች።

ሰኞ። 33 ቀን።

ማንቆርቆሪያው ተቃጠለ። ውሃ ጥጄ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ፣ ባለቤቴ ከጓሮ እየሮጠች መጣች። ውሃው አልቆ ቂጡ ጠቁሯል። የሚያፏጭ ማንቆርቆሪያ የተገዛው ለምን ሆነና ካላፏጨ! እሷ የሆነ ነገር አለች፣ ከዚያ ፊቴን አተኩራ አየችኝ። የሆነ ያልሆነ ነገር ሲገዙ እንዲህ ነው አልኳት።

ካርቡራተሩን ለሁለተኛ ጊዜ አወረድኩት። ንጹሕ ነው። ደግሜ አጠብኩት።

ማክሰኞ። 32 ቀን።

አብሬያት ወጣሁ። በሚኒሞ ሊጠፋ ሲንገጫገጭ የአየር መዝጊያውን ትንሽ ሳብ አደረግኩለት። ወዲያው ነፍስ ዘራ! ይህ ማለት አየሩ ሲቀንስለት ይድናል፤ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ያችው ቀዳዳ ናት። አልኳችሁ አይደል? ካርቡራተሩን ሦስተኛ ጊዜ።

ጋስኬቷን ጠርጌ መለስኩ።

ዓርብ። 29 ቀን።

ሰው ፊት ልጄን ተናገርኳት። ደስ አላለኝም፤ ግን ይገባት ነበር መሰለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ለመውረድ ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ጀልባዋ ወደ ጎን ሄደች። እኔ ከወደቡ ላይ ሆኜ፣ ጋዙን በአንዴ አትልቀቂው፣ ቀስ በይ፣ ሞተር እንደ በር አይወረወርም አልኳት። ድምፄ ሳይበዛ አልቀረም። ሁልጊዜ ከፊት የምትቀመጠው አስተማሪ ቀና ብላ አየችኝ። ልጄ ገመዱን አሰረች፣ አሮጊቶቹን እጃቸውን ይዛ አወረደች።

ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ጀልባ እንድትነዳ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጋዝ አያያዟ ከኔ ይሻላል። ይህን እያወቅኩ ነው የተናገርኳት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

እሑድ። 27 ቀን።

ዕረፍት። የማንቆርቆሪያውን ፉጨት ፈታሁት። ትንሽ ነጭ ዝቃጭ ነበረበት፣ በመርፌ ጠረግኩት። ሞከርኩት፣ አሁንም አያፏጭም። ባለቤቴ ከሌላኛው ክፍል መጥታ ከእሳቱ አወረደችው። ያፏጫል እኮ አለችኝ፣ ይህችን ሰማኋት። ላለመጣላት እሺ አልኳት።

ሬዲዮውም እየደከመ ነው፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ዜና እሰማለሁ። ጀርባውን ፈታሁት፣ ሽቦዎቹን አጠበቅኩ። ዘንድሮ ዕቃው ሁሉ ተያይዞ አረጀ።

ረቡዕ። 24 ቀን።

አራተኛ ጊዜ ወረደ። ንጹሕ። የነዳጁን ቱቦ ከጫፍ ጫፍ ቀየርኩ። ማጣሪያውን ቀየርኩ። በበርሜል ውስጥ ይዞራል፣ ሐይቅ ላይ ይጠፋል። አንዳንዴ ደግሞ በበርሜሉም ይጠፋል።

ወደቡ ላይ ሁለት ጀልባ ነጂዎች ጀርባዬን አይተው ያወራሉ። ወንዶች ስለሆኑ ሰማኋቸው። ልጅቷ ሞተሩን ለመነጽሩ ልትሰጠው ፈልጋ ነበር፣ አባቷን ላለማስከፋት ብላ ተወችው ይላሉ። መነጽሩ ከወደቡ ማዶ ጋራዥ የከፈተው ጎረምሳ መካኒክ ነው፤ ለእያንዳንዱ ነገር መሣሪያ አለው፣ ጆሮ ግን የለውም። ዞሬ ፊት ለፊት አየኋቸው። ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ።

ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኩ። ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ዓርብ። 22 ቀን።

ልጄ ዘዴ አምጥታለች። ወደቡ ከመድረሷ በፊት ገና ራቅ ብላ ሞተሩን ራሷ ታጠፋውና በመቅዘፊያ ትገባለች። አስተማሪዋ አመሰገነቻት፣ እንዴት ያለ ለስላሳ አገባብ ነው ብላ። እኔ ግን አፈርኩ። የጋሽ ጆሮ ልጅ በመቅዘፊያ! ይህን እንዳትደግሚው አልኳት፤ ሞተሩን እኔ ሠርቼዋለሁ፣ በሞተር ነው የሚገባው አልኳት።

እሺ አባዬ አለች።

ሰኞ። 19 ቀን።

እንዲህ ነው የሆነው።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነፋስ ተነሳ። እሷ ከወዲያ ማዶ አሥራ አንድ ሰው ጭና እየመጣች ነው። ወደቡ ጫፍ፣ የድንጋዩ ግንብ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። እንዳዘዝኳት በሞተር ገባች። ሃያ ክንድ ያህል ሲቀራት ጠፋ። ማዕበሉ ጀልባዋን ወደ ግንቡ ይገፋት ጀመር።

ወደኔ ዞራ አፏን ስትከፍት አየሁ። እጇን አወዛወዘች። አይዞሽ ብዬ እኔም እጄን አወዛወዝኩላት። እንደ ሞኝ። ገመዱ እግሬ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ነፋሱ ድምፅዋን ወስዶት ነው። ከኔ በስተኋላ መረቡን ሲጠግን የነበረው ጎረቤታችን ዓሣ አጥማጅ አልፎኝ ሮጠ፣ ገመዱን ከእግሬ ሥር አንስቶ ወረወረላት። ሃያ እርምጃ ከኋላዬ ነበር።

ገመዱ ሲደርስ ግን ጀልባዋ ግንቡን መትታ ነበር። ልጄ ሰው የተቀመጠበትን ጎን ለማዳን በእጇ ልትገፋ ሞከረች። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች በድንጋዩና በጀልባዋ መሃል ገቡ።

ከተሳፋሪው ማንም አልተጎዳም። የእሷ ሁለቱም ጣቶች ተሰብረዋል። ሐኪም ቤት አሰሩላት። ስትመለስ፣ ምንም አልሆንኩም አባዬ ብላ በቀኝ እጇ ትከሻዬን ነካችኝ። ያጽናናችኝ እሷ ናት።

ነፋስ ነበር። ነፋሱ ወደኔ ነበር የሚነፍሰው፣ ከሐይቁ ወደ ወደቡ። ከሷ ወደኔ።

ማክሰኞ። 18 ቀን።

አልሠራሁም። ጋራዡን አልከፈትኩም። ዓሣ አጥማጁ በበራችን አለፈ፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

ረቡዕ።

አንተ ሰው፣ ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ሚስትህ። ስጮህብህ ጎረቤቱ የምንጣላ ይመስለዋል፤ እኔም ጉሮሮዬ ደከመ። ደብተርህን ማታ ማታ ስትከፍት ስለማይ እዚህ ልጻፈው አልኩ።

ማንቆርቆሪያው አልተበላሸም። ሬዲዮው አላረጀም። እኛም አላጉረመረምንም። ልጅህ "ገመድ!" እያለች አራት ጊዜ ጮኸች፤ እኔ እዚህ ከላይ ከደጃፋችን ሆኜ ሰምቻታለሁ። እዚያ ከነበረው ሰው ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ።

ይህን ማንም እንዳይነግርህ ልጅህ ሁላችንንም ለምናናለች። ጆሮው ከሄደ አባዬ ምን ይቀረዋል ብላ ነው። እኔ ግን ብዙ ይቀርሃል ባይ ነኝ፤ ሠላሳ አራት ዓመት አብሬህ የኖርኩት ለጆሮህ ብዬ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሂድ። እራትህ ድስቱ ውስጥ ነው፣ ክዳኑ ትኩስ ነውና በጨርቅ ያዘው።

ሐሙስ። 16 ቀን።

ደብተሬን ማን ንኪ አላት?

ዓርብ። 15 ቀን።

ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነበብኩት፤ በቃኝ። የሰው ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ይሄ ሰውዬ አይሰማም እኮ ብዬ እስቅ ነበር።

ልጄን ሰው ፊት የተናገርኳት ለምን እንደሆነ እንጃ ብዬ ጽፌአለሁ። አውቃለሁ እንጂ። ጥፋቱ የሞተሩ ካልሆነና የሷ ካልሆነ የኔ ሊሆን ነው፤ ያን ፈርቼ ነው። በመቅዘፊያ ግቢ ብላት ኖሮ ጣቶቿ ደህና ነበሩ።

ሰኞ። 12 ቀን።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ባለቤቴ አብራኝ መጣች፣ እምቢ ብላት የምትቀር አይደለችም። የጆሮ ሐኪሟ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ማዳመጫ አደረገችልኝ፣ ድምፅ ስትሰማ ይህችን ተጫን ብላ ቁልፍ እጄ ላይ አኖረች። መጀመሪያ ወፋፍራሙ መጣ፣ ተጫንኩ፣ ተጫንኩ። ከዚያ ዝም አለ። ጠበቅኩ። ቆየ። መሣሪያው ተበላሽቶባት ይሆናል ብዬ አዘንኩላት። በመጨረሻ፣ ጀምሪ እንጂ ልጄ አልኳት።

ለካ ጨርሳለች።

በወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር አሳየችኝ። ግማሽ መንገድ ደህና ይሄድና ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። ሠላሳ ዓመት ያለ መሸፈኛ ሞተር ሥር መዋል ነው ያመጣው አለች፤ ቀጫጭኑ ድምፅ ነው ቀድሞ የሚሄደው፣ የሄደው አይመለስም። ጆሮ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ትንሽ ይረዳል አለች። አስብበታለሁ አልኳት። ባለቤቴ አስቦበታል አለቻት።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዛኝ ሄደች። ደንቆሮ እንጂ ዕውር አይደለሁም አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ወፍራም ስለሆነ ሰማሁት።

ማክሰኞ። 11 ቀን።

ልጄን ከፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት፣ አፏን እንዳይ። ይቅርታ ጠየቅኳት። አያስፈልግም እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ነው ቀድሞ መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኳት።

"ያ እስ የሚለው፣ አሁንም አለ?"

"አለ አባዬ። ከቀን ወደ ቀን ብሷል።"

ከየት በኩል እንደሆነ አታውቅም። ክዳኑ ሲነሳ የሞተሩ ጩኸት ይቀላቀልባታል፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ይመስላታል። እኔ ግን ከሷ አፍ ያችን ቃል ስሰማ ራሴን በጥፊ መምታት ነው ያማረኝ። እስ የሚል ድምፅ ማለት አየር የሚስብ ሽንቁር ማለት ነው። በሆነ ስንጥቅ ትርፍ አየር ይገባል፣ ነዳጁ ይሳሳል፣ ሞተሩ በሚኒሞ አቅም ያጣል። ጋዝ ሲሰጠው ትርፉ አየር ምኑም አይደለም፤ ለዚህ ነው በሩጫ ደህና የነበረው። የአየር መዝጊያውን ስስብለት የዳነውም ለዚሁ ነው። ሁሉ ነገር ፊቴ ተዘርግቶ ነበር። እኔ ንጹሕ ካርቡራተር አራት ጊዜ አጠብኩ።

አሁን ቦታውን ማግኘት ነው የሚቀረኝ። በጆሮ አይሆንም። አይሆንም አልኩ እንጂ ሞትኩ አላልኩም።

ሐሙስ። 9 ቀን።

ጠዋት ጢሜን ስላጭ ነው የመጣልኝ። ግማሽ ፊቴን አረፋ ተቀብቼ መስተዋቱ ፊት ቆሜያለሁ፣ በአፍንጫዬ አየር ስስብ ከላይኛው ከንፈሬ ላይ ያለው አረፋ ተከትሎ ገባ። አነጠሰኝ። ከዚያ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ብሩሹንና የጢም ሳሙናውን ይዤ፣ ግማሽ ጢሜን እንደያዝኩ ጋራዥ ወረድኩ። ባለቤቴ ከበሩ የሆነ ነገር አለች፤ ዛሬስ ባልሰማትም ያለችውን አውቀዋለሁ። ልጄን ጠራኋት። ሞተሩን በበርሜሉ ውስጥ አስነሳች። እኔ ብሩሹን አረፋ በአረፋ አድርጌ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ መቀባት ጀመርኩ። የነዳጁ ቱቦ ጫፍ፣ አረፋው ቁጭ አለ። የላይኛው ክዳን፣ ቁጭ አለ። ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ከታች በኩል ስቀባው አረፋው ጎደጎደ፣ ቀዳዳ አወጣ፣ ወደ ውስጥ ተሳበና አለቀ። ሞተሩ ለአንድ አፍታ ሳይንገጫገጭ ዞረ። በእጄ ተሰማኝ። ከዚያ እንደገና መንገጫገጭ ጀመረ።

ሁለተኛ ቀባሁት። ሁለተኛ ዋጠው።

ልጄ አየችኝ፣ አየኋት። የዚያ መጋጠሚያ ጋስኬት የማን ሥራ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ፈትቼ አወጣኋት። ቤንዚን ስትጠጣና ስትደርቅ ከርማ ከታች በኩል ተጨማድዳለች፤ ጥፍር የምታስገባ ክፍተት ፈጥራለች። አንዱ ጎኗ ላይ የአምናው ደብተር ሽፋን ሰማያዊ ቀለም አሁንም አለ። አራት ጊዜ ከነተጨማደደችው ጠርጌ የመለስኳት እኔ ነኝ። ጆሮዬ ድምፁን ባይሰማ፣ ዓይኔ ምን ነካው? ዓይኔ ጤነኛ ነው። የገዛ ሥራዬ ስለሆነች አላየኋትም።

ዓርብ። 8 ቀን።

የፋብሪካውን ጋስኬት የሚያገኝ ሰው በዚህ ወደብ አንድ ብቻ ነው።

መነጽሩ ጋራዥ ሄድኩ። ልጁ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ። ለአፍታ ሌላ ሰበብ ልፈልግ አሰብኩ፣ ለሌላ ደንበኛ ነው ልል። ከዚያ ጋስኬቷን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ከደብተር ሽፋን የሠራኋት ናት፣ ልጄን ልታስገድልብኝ ነበር አልኩት። በወፍራም ድምፅ ተናገር፣ ቀጭኑን አልሰማም ብዬም ጨመርኩበት። እዚያ ሁለት ጀልባ ነጂዎች ነበሩ፤ ይስሙ።

ልጁ መሳቢያውን ከፍቶ አዲሷን አወጣልኝ። አረፋውን ስነግረው ወረቀት ፈልጎ ጻፈው። በመሣሪያ ብፈልገው ግማሽ ቀን ይወስድብኝ ነበር አለ፣ ጎላ አድርጎ። ልጁ መጥፎ ልጅ አይደለም። መነጽሩም ቢሆን ያምርበታል።

እሑድ። 6 ቀን።

አዲሷ ጋስኬት ገባች። ልጄ በአንድ እጇ ብሎኖቹን ያዘች፣ እኔ አጠበቅኩ። አስነሳች። ሚኒሞውን የሚያስተካክለውን ብሎን እኔ አዞራለሁ፣ እሷ ፊት ለፊቴ ቆማ በጣቷ ታሳየኛለች፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ በቃ። ካቻቢቴውን ጆሮዬ ሥር አላደረግኩትም። እጀታውን በጥርሴ ነከስኩት። በአጥንቴ መጣ፣ አንድ ወጥ፣ እንከን የለውም። ልጄ ሳቀች፤ አጥንት የያዘ ውሻ መስያለሁ መሰለኝ።

እስ አለ? አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። የለም።

ዓርብ። 1 ቀን።

ሳምንቱን ሙሉ በሞተር ገባች፣ አንድም ጊዜ አልጠፋም። አስተማሪዋ ዛሬ ስትወርድ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ አፏን ከፍታ ቃል በቃል፣ ልጅህ ጎበዝ ናት አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ዓሣ አጥማጁን ገመዱን ስለወረወረልኝ አመሰገንኩት። እሱ ደግሞ ለመናገር ሲፈራ ከርሞ ኖሮ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራኝ።

ነገ ነው። አልፈራም። ትንሽ ብቻ።

ቅዳሜ። ፍተሻ።

ተቆጣጣሪው ጠዋት መጣ። ከልጄ በቀር ማንም ሞተሩን አይንካ፣ ሁሉም ወደ ግንቡ ይውጣ አለ። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። እጄን ክዳኑ ላይ አድርጌ የምቆም መስሎኝ ነበር። ስድስት እርምጃ ርቄ ቆምኩ፤ ከስድስት እርምጃ በኋላ ሞተር ለኔ የለም። ውሃውም ዝም፣ ሞተሩም ዝም፣ ሰውም ዝም።

ልጄ አስነሳች፣ እጇን ለቀቀች። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን ተጫነ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች፣ ክንዴን ይዛ። ደቂቃው ባለፈ ቁጥር አንዴ ትጨብጠኛለች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ስድስተኛው ላይ የአንድ ትልቅ ጀልባ ማዕበል መጥቶ ጀልባችንን ከፍ ዝቅ አደረጋት። ሰባት። ስምንት።

ስምንተኛው አልፎ ዘጠነኛው ሳይሞላ ተቆጣጣሪው ፊቱን አጨማደደ። ሞተሩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ልጄን አየ። ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ። ጠፋ። ጠፋ ብዬ ልቤ ቀጥ አለች። ባለቤቴን ልጠይቃት ዞርኩ፣ እሷ ደግሞ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። የሠራሁት ሁሉ፣ የልጄ ጣቶች፣ ሁሉ በአንዴ መጣብኝ።

ተቆጣጣሪው እጁን ዘርግቶ ክዳኑ ላይ አሳረፈ። ትንሽ ቆየ። ቅንድቡ ከፍ አለ። እጁን አንስቶ ወደ ሰዓቱ ተመለሰ።

ያን አነካክ አውቀዋለሁ። ደንበኞቼ ሲነኩት ሠላሳ ዓመት አይቼዋለሁ። ባለቤቴ ነጠላዋን ስታወርድ እየሳቀች ነበር። ዘጠኝ ብላ ጨበጠችኝ። አሥር።

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ፈርሞ ከሄደ በኋላ ልጄ ሞተሩን አላጠፋችውም። ና ብላ በታሰረው እጇ ጠራችኝ። ጀልባዋ ውስጥ ወረድኩ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

"ምን ይላል?" አልኳት።

"ምንም አይልም፣ አባዬ።"

እጄን ክዳኑ ላይ አሳረፍኩ። ይሠራል።